ኤርድሮፕ ሲቀበሉ ዋሌትዎን ላለማስዘረፍ፦ ከሊንኩ እስከ ፊርማው

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ዩኒስዋፕ የተባለው የቶከን (በክሪፕቶ ዓለም የሚዘዋወር ዲጂታል ንብረት) መለዋወጫ ከዚያ ቀደም ለተጠቀሙበት የዋሌት አድራሻዎች ለእያንዳንዳቸው 400 ዩኒ ቶከን በነጻ ሲያድል (እንዲህ ያለው የነጻ እደላ ኤርድሮፕ ይባላል)፣ ከተቀባዮቹ የሚጠበቀው አንድ ትራንዛክሽን ፈርሞ መላክ ብቻ ነበር። በጁላይ 2022 ደግሞ ሌቦች የዚያኑ ፕሮጀክት ስም ለብሰው ከ70 ሺህ በላይ ለሚሆኑ አድራሻዎች የሐሰት ቶከን በተኑ፤ ቶከኑን አይተው ወደተጠቆሙት ድረ ገጽ ሄደው ከፈረሙት ሰዎች 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ንብረት ተወሰደ። በሁለቱም ጊዜ ተጠቃሚው ያየው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ድረ ገጽ፣ «ክሌይም» (ድርሻዬን ልውሰድ) የሚል ቁልፍ፣ ከዚያም ዋሌቱ፣ ማለትም የክሪፕቶ ንብረትዎን የሚያስተዳድሩበት መተግበሪያ፣ የሚከፍተው የማረጋገጫ መስኮት። ልዩነቱ የነበረው መስኮቱ ውስጥ በተጻፈው ነገር ነው፤ ይህ መመሪያም ወደዚያ መስኮት እስኪደርሱ ምን ማድረግ እንዳለብዎትና መስኮቱ ሲከፈት ምን ማንበብ እንዳለብዎት የሚያሳይ ነው።

ክሌይም ሲያደርጉ በእርግጥ ምን ይሆናል?

ኤርድሮፕ የሚያድል ፕሮጀክት የሚታደሉትን ቶከኖች በአንድ የማከፋፈያ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዝ የግብይት መዝገብ) ላይ በተቀመጠና ራሱን በራሱ በሚያስፈጽም ፕሮግራም ውስጥ ያስቀምጣል። ኮንትራቱ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አርቢትረም የተባለው የብሎክቼይን ኔትወርክ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2023 በጀመረው እደላ የ625,143 አድራሻዎችን ድርሻ እዚያው ኮንትራቱ ላይ መዝግቦ ነበር። ዩኒስዋፕ ግን ዝርዝሩን በሙሉ ከማስፈር ይልቅ መርክል ሩት የሚባለውን የዝርዝሩን የሒሳብ አሻራ ብቻ አስቀመጠ፤ ተቀባዩም ስሙ፣ ማለትም አድራሻው፣ በዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ እንዲቀርብ አደረገ። ማስረጃውን ድረ ገጹ ራሱ ስለሚያዘጋጅ ተጠቃሚው አያየውም።

በሁለቱም መንገድ ኮንትራቱ ከራሱ ካዝና አውጥቶ ይሰጥዎታል እንጂ የእርስዎን ካዝና የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። ትክክለኛ ክሌይም ከእርስዎ የሚፈልገው የጋዝ ክፍያ፣ ማለትም ትራንዛክሽኑን ለማስኬድ ለኔትወርኩ የሚከፈለው፣ ብቻ ነው። ሊቀበሉ ሄደው «አፕሩቭ» እንዲያደርጉ፣ ማለትም ሌላ አካል ከዋሌትዎ ቶከን እንዲያወጣ እንዲፈቅዱ ከተጠየቁ፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለ።

ደንቡ ከሞላ ጎደል እንጂ ፍጹም አይደለም። ሌየርዜሮ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ቶከኑን ሲያድል ተቀባዮቹ ለእያንዳንዱ ቶከን 10 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲለግሱ ጠይቆ ነበር፤ ልገሳውን በስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲሄድ በተደረገ ቶከን) የከፈለ ሰው ደግሞ ፈቃድ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ብዙዎችን ያስቆጣው ይህ አሠራር እውነተኛ ቢሆንም ብርቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ ክፍያው በፕሮጀክቱ ሰነድ ውስጥ አስቀድሞ የተገለጸ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፈቃዱንም ለሚከፍሉት ልክ ብቻ ይስጡ።

ደረጃ 1፦ ሊንክ ከመንካትዎ በፊት ዋሌቱን ባዶ ያድርጉ

ብዙ ምክር ሰጪዎች «ለኤርድሮፕ የተለየ ዋሌት ይጠቀሙ» ብለው ያልፋሉ። ምክሩ ለሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ነው፤ ለዛሬ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ድርሻው የተመዘገበው ከዚህ በፊት በተጠቀሙበት አድራሻ ስለሆነ ዛሬ በተከፈተ ዋሌት ሄዶ መቀበል አይቻልም። መፍትሔው ተገላቢጦሹ ነው፦ ድርሻው ያለበትን ዋሌት ትተው በውስጡ ያለውን ንብረት ያሽሹ።

በአዲስ ሲድ ፍሬዝ፣ ማለትም የዋሌቱ ዋና ቁልፍ በሆነ የተለየ 12 ወይም 24 ቃል፣ ሌላ ዋሌት ይክፈቱ። ሜታማስክን በመሰለ ዋሌት እዚያው ውስጥ «አካውንት ጨምር» ብሎ ሁለተኛ አካውንት መክፈት ፈቃዶችን ይለያል፤ ሲድ ፍሬዙ ከወጣ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሌጀርን ወይም ትሬዘርን የመሰለ የሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን በተለየ ዕቃ ውስጥ የሚይዝ) ካለዎት አዲሱ ካዝና እሱ ይሁን። ከዚያ ስቴብልኮይንዎን፣ ዋጋ ያላቸውን ቶከኖችና ኤንኤፍቲዎች (እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ያላቸው ቶከኖች) ወደዚያ ያዛውሩ። የሚረሳው ነገር በፋይናንስ ፕሮቶኮሎች ውስጥ የተቀመጠው ገንዘብ ነው፤ የተቀማጭ ደረሰኙ ራሱ ቶከን ስለሆነ እንደማንኛውም ቶከን ይሰረቃል። ከላይ በጠቀስኩት የ2022 ዝርፊያ ከተወሰደው ንብረት አብዛኛው ኤንኤፍቲ ሆኖ የተቀመጠ የዩኒስዋፕ የሊኩዊዲቲ ድርሻ፣ ማለትም ሰዎች ለመለዋወጫነት እንዲያገለግል ያስቀመጡት ገንዘብ፣ ነበር።

ኢተሪየም በተባለው ብሎክቼይን ዋና ኔትወርክ ላይ እያንዳንዱ ዝውውር ጋዝ ያስከፍላልና ዋጋ ቢስ የሆነውን ሁሉ ማንሳት አያስፈልግም። በዋሌቱ ውስጥ የሚቀረው ለአንድ ሁለት ትራንዛክሽን የሚበቃ የጋዝ ገንዘብ ብቻ ይሁን። ይህን ያደረገ ሰው ከዚህ በኋላ ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ቢሳሳት እንኳ የሚያጣው የጋዝ መግዣውንና ምናልባት ኤርድሮፑን ነው። ከመመሪያው አንዱን ደረጃ ብቻ የመከተል ትዕግሥት ካለዎት ይህኛውን ይምረጡ።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ቦታ ማግኘት

የፕሮጀክቱን ስም ጉግል ላይ ጽፈው የመጀመሪያውን ውጤት አይንኩ፤ ከላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ሌባም ይገዛል። ቴሌግራም ላይ «አሁኑኑ ክሌይም አድርጉ» ብሎ የሚለጠፍ ሊንክም፣ የሚያምኑት ሰው ቻናል ላይ ቢሆንም፣ መነሻ አይሁን። ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ በ2024 የብዙ ወጣቶቻችንን አውራ ጣት ባደከመበት ወቅት፣ በአማርኛ ቻናሎች ሊንክ የሚያሰራጩት አብዛኞቹ ሰዎች ከሌላ ቻናል ኮፒ ፔስት የሚያደርጉ እንጂ አጣርተው የሚለጥፉ አልነበሩም።

የታወቀ ሰው ስም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የኢተሪየም መሥራች የቪታሊክ ቡተሪን የኤክስ አካውንት ተጠልፎ «ነጻ ኤንኤፍቲ» የሚል ሊንክ ተለጥፎበት ነበር፤ ወደ 700 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ንብረትም ተሰረቀ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤክስ አካውንት ሳይቀር ተጠልፎ የሐሰት ማስታወቂያ አውጥቷል።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ሁለት የማይገናኙ መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ሲገጥሙ ብቻ መቀጠል ነው። አንደኛው መንገድ የፕሮጀክቱ የሰነድ ገጽ ወይም ጊትሃብ (ኮዱን የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ) ነው፤ ሁለተኛው እንደ ኮይንጌኮ ወይም ዴፋይላማ ያለ ራሱን የቻለ መዝገብ ላይ የሰፈረው ሊንክ ነው። ሁለቱ ወደ አንድ ድረ ገጽ ካመሩ አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ፤ ሲያነቡም ከ«https://» ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያ ያዘነበለ ሰረዝ (/) በፊት ያለውን ክፍል ከቀኝ ወደ ግራ ይሂዱበት፣ ምክንያቱም የድረ ገጹ ባለቤት ማንነት ያለው በቀኙ ጫፍ ነው፤ ሌቦች የታወቀውን ስም በግራ በኩል ይለጥፉና ዓይን እዚያው እንዲቆም ያደርጋሉ። ካረጋገጡ በኋላ በብራውዘርዎ ዕልባት ይያዙና ሁልጊዜ ከዚያ ይግቡ።

ችኮላውንም ይጠርጥሩ። የኢተሪየም ስም አገልግሎት፣ ኢኤንኤስ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የጀመረው እደላ እስከ ሜይ 4 ቀን 2022 ክፍት ነበር፤ አርቢትረምም ስድስት ወር ያህል ጊዜ ሰጥቷል። «30 ደቂቃ ቀርቶታል» እያለ ወደኋላ የሚቆጥር ሰዓት የተሠራው እንዳያነቡ ነው።

ደረጃ 3፦ ድረ ገጹን ትተው ኮንትራቱን ይጠይቁ

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት፣ ግን በነጻ የተቀመጠ መሣሪያ ያለው እዚህ ነው። በኢተሪየም ላይ ኢተርስካን፣ በአርቢትረም ላይ አርቢስካን የሚባሉት የብሎክቼይን መመልከቻዎች ዋሌትዎን ሳያገናኙ ድርሻዎን እንዲያዩ ያስችላሉ።

የማከፋፈያውን ኮንትራት አድራሻ ከፕሮጀክቱ ሰነድ ይቅዱና በመመልከቻው መፈለጊያ ውስጥ ይለጥፉት። በመጀመሪያ የሚያዩት ኮንትራቱ የፕሮጀክቱን ቶከን በብዛት የያዘ መሆኑን ነው፤ የአርቢትረሙ እደላ ሲከፈት ለተጠቃሚዎች የተመደበው 1.162 ቢሊዮን ኤአርቢ (የአርቢትረም ቶከን) ነበር። የሚያድል ኮንትራት የሚያድለው ነገር ከሌለው ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። ቀጥለው «ኮንትራክት» የሚለውን ይክፈቱ፤ የምንጭ ኮዱ የተረጋገጠ መሆኑን የሚያሳይ አረንጓዴ ምልክት ይፈልጉ። ከዚያ «ሪድ ኮንትራክት» የሚለውን ሲነኩ የሚጠየቁ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል። በአርቢትረሙ ኮንትራት ውስጥ እደላው ክፍት በነበረ ጊዜ «ክሌይመብል ቶክንስ» የሚል መስመር ነበር፤ እዚያ አድራሻ ተለጥፎ ሲጠየቅ አንድ ረጅም ቁጥር ይመልስ ነበር። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ ከኋላ 18 አሃዞች ቆርጠው ሲጥሉ የቀረው ድርሻዎ ነው። ዝቅተኛውን ድርሻ ያገኘ ሰው 625ን ተከትለው 18 ዜሮዎች ይታዩት ነበር፤ ከፍተኛው ድርሻ 10,250 ነበር። ዜሮ ብቻ ከመጣ ወይ ድርሻ የለዎትም ወይም አስቀድመው ወስደዋል፤ ያኔ «ይደርስዎታል» የሚልዎትን ድረ ገጽ ማመን ሞኝነት ነው።

እዚያው «ራይት ኮንትራክት» የሚል አለ። ዋሌትዎን ከመመልከቻው ጋር አገናኝተው «ክሌይም» የሚለውን መስመር በቀጥታ መጥራት ይችላሉ፤ የእደላው ድረ ገጽ ጨርሶ አያስፈልግም። ማርች 23 ቀን የአርቢትረም ድረ ገጽ በሰው ብዛት ተጨናንቆ አልከፍት ሲል በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ድርሻቸውን ወስደዋል። በመርክል ሩት በሚሠራ እደላ ግን ማስረጃውን ከፕሮጀክቱ ፋይል ፈልጎ መሙላት ስለሚጠይቅ ለለመደ ሰው ካልሆነ አይመከርም፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ድረ ገጹን ይጠቀሙና ዋሌቱ ሲከፈት ትራንዛክሽኑ የሚላክበት አድራሻ በመመልከቻው ያዩት ኮንትራት መሆኑን ያመሳክሩ። ሲያመሳክሩ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አራት ፊደላት ብቻ አይዩ፤ ጫፎቹ የሚመሳሰሉ አድራሻዎችን ማምረት ቀላል ነው።

ደረጃ 4፦ መስኮቱን ማንበብ

ለዚህ ሥራ ሲሙሌሽን የሚሠራ ዋሌት ያስፈልግዎታል፤ ማለትም ትራንዛክሽኑ ከመላኩ በፊት ቢላክ ምን እንደሚሆን አስልቶ የሚያሳይ። ራቢ የተባለው ዋሌት ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ሜታማስክም የሚገመተውን ለውጥ ያሳያል። እንደ ምሳሌ፣ ትክክለኛ ክሌይም ሲከፈት በራቢ መስኮት ውስጥ በመደመር ምልክት የተጻፈ የቶከን መጠን ያያሉ፤ ከስሩ የኮንትራቱ አድራሻና የጋዝ ክፍያው ይኖራል። የመቀነስ ምልክት ያለበት መስመር አይኖርም። ካለ «ሪጀክት» ይበሉ።

የተጠራው ተግባር ስም «ክሌይም» መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ተግባርን መሰየም የኮዱ ጸሐፊ ፈንታ ስለሆነ፣ ሌቦች «ክሌይም ሪዋርድስ» ወይም «ሴኩሪቲ አፕዴት» ብለው የሰየሙት ተግባር የሚሠራው የላኩለትን ኢተር (የኢተሪየምን ገንዘብ) መዋጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ከዋሌቱ የሚወጣውን የኢተር መጠን ይመልከቱ።

ትራንዛክሽን ሳይሆን ፊርማ ብቻ ሲጠየቁ የበለጠ ይጠንቀቁ። እኔ የተሞኘሁት እዚህ ላይ ነበር። ከአንድ ቴሌግራም ግሩፕ ባገኘሁት ሊንክ ገብቼ መስኮቱ ሲከፈት ጋዝ አልጠየቀኝም፤ ገንዘብ ካልወጣ ምን ጉዳት አለው ብዬ ፈረምኩ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዋሌቴ ውስጥ የነበረው ስቴብልኮይን አልነበረም። የፈረምኩት «ፐርሚት» የሚባለውን ነው፤ ይህ ፊርማ የአፕሩቭን ሥራ ከብሎክቼይን ውጭ የሚሠራ ሲሆን ጋዙን የሚከፍለው ፊርማውን ይዞ የሚሄደው ሌባ ነው።

ፐርሚትን በመልኩ ማወቅ ይቻላል። «ኦውነር»፣ «ስፔንደር»፣ «ቫልዩ»፣ «ናንስ»፣ «ዴድላይን» የሚሉ መስመሮች ተደርድረው ይታያሉ። ኦውነር እርስዎ ነዎት፤ ስፔንደር ገንዘብዎን እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ነው፤ ቫልዩ ልኩ ነው። ቫልዩው በ1157920892 የሚጀምርና 78 አሃዝ ያለው ቁጥር ከሆነ ትርጉሙ «ያለኝን ሁሉ፣ ወደፊት የሚኖረኝንም» ማለት ነው። ከዚህ በፊት ለፐርሚት2 (ዩኒስዋፕ ለሠራው የጋራ የፈቃድ ኮንትራት) ፈቃድ ሰጥተው ከሆነ ደግሞ፣ በራሳቸው ፐርሚት የማያውቁ ቶከኖች ጭምር በአንድ ፊርማ ሊወሰዱ ይችላሉ። ለኤንኤፍቲዎች ተመሳሳዩ አደጋ «ሴት አፕሩቫል ፎር ኦል» ይባላል።

የደንብ ስምምነትን ለማረጋገጥ ወይም ለመግባት የሚጠየቅ ፊርማም አለ፤ እሱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የድረ ገጹ ስም፣ የእርስዎ አድራሻና «ደንቡን ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዟል። ሊነበብ የማይችል የፊደልና የቁጥር ድርድር እንዲፈርሙ ከተጠየቁ ግን አይፈርሙ።

ሲሙሌሽኑም ሊታለል ይችላል፤ በሙከራ ላይ መሆኑን ለይቶ ሲፈተሽ አንድ ነገር፣ በእውነት ሲላክ ሌላ ነገር የሚያደርግ ኮንትራት መጻፍ ይቻላልና። አስቀድሜ ዋሌቱን ባዶ ያድርጉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ሶላናና ስለ ቶን በአጭሩ

ሶላናና ቶን ከኢተሪየም የተለዩ ብሎክቼይኖች ናቸው። በሶላና ላይ አንድ ትራንዛክሽን ብዙ ትእዛዞችን ስለሚይዝ በአንድ ፊርማ በርካታ ቶከኖች ሊወጡ ይችላሉ፤ እዚያም የሚያዩት የመደመሩንና የመቀነሱን መስመር ነው። አዲስ ቶከን ሲቀበሉ የቶከን አካውንት ለመክፈት 0.002 ሶል (የሶላና ገንዘብ) ገደማ መያዙ የተለመደ ነው፤ እሱ አያስጠርጥርዎት። በቶን ዋሌቶች ላይ ደግሞ ሌቦች በማስታወሻው ቦታ «5,000 ዩኤስዲቲ ይቀበሉ» ብለው ይጽፋሉ፤ ማስታወሻው የላኪው ድርሰት ነው፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ከእሱ በላይ ያለው መስመር ነው።

ደረጃ 5፦ ከተቀበሉ በኋላ

ቶከኑ ሲገባ ወደ አዲሱ ዋሌት ያዛውሩት። ከዚያ ሪቮክ ካሽ በሚባለው መሣሪያ ወይም በኢተርስካን የፈቃድ መመርመሪያ አድራሻዎን አስገብተው ከዚህ በፊት የሰጧቸውን ፈቃዶች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ለመመልከት ዋሌት ማገናኘት አያስፈልግም። የማያውቁትን ፈቃድ መሰረዝ በእያንዳንዱ ጋዝ ያስከፍላል። ዋሌቱን ከድረ ገጹ «ዲስኮኔክት» ማድረግ ፈቃድን አይሰርዝም፤ ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የምናምናቸው መሣሪያዎችም ሊበከሉ እንደሚችሉ ማወቅ አለብዎት፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2023 ሌጀር ለድረ ገጾች የሚያቀርበው የዋሌት ማገናኛ ኮድ በተጠለፈ ጊዜ ሪቮክ ካሽ ራሱ ከተጎዱት ድረ ገጾች አንዱ ነበር።

ሳይጠይቁ ዋሌትዎ ውስጥ የገባ ያልታወቀ ቶከን ካለ አይሽጡት፣ በስሙ ላይ የተጻፈውንም ድረ ገጽ አይክፈቱ፤ ይደብቁትና ይተዉት።

የተሳሳተ ነገር ፈርመው ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ የቀረውን ንብረት ወደ አዲስ ዋሌት ማሸሽ ነው፤ ፈቃድ መሰረዝ ሁለተኛ ይሁን። ሲድ ፍሬዝዎን ሰጥተው ከሆነ ግን ፈቃድ መሰረዝ ከንቱ ነው፤ ዋሌቱ የጋራ ሆኗል። እንዲህ ባለ ዋሌት ውስጥ ገና ያልተወሰደ ኤርድሮፕ ካለ፣ ለጋዝ የሚያስገቡትን ገንዘብ የሌባው ቦት ወዲያው ስለሚጠርገው ጋዙን መላክ፣ ክሌይሙንና ዝውውሩን በአንድ ጥቅል የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል፤ በኢተሪየም ላይ ይህ ትራንዛክሽኖችን በጥቅል በሚያስገባው ፍላሽቦትስ በተባለ አገልግሎት ይሠራል። «የጠፋብዎትን አስመልሳለሁ» ብሎ በውስጥ መስመር የሚጽፍልዎ ሰው ግን ሁለተኛው ሌባ ነው።

የሚቀረው የመዝገብ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በክሪፕቶ የሚደረግ ግብይትና ክፍያ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል፤ አገር ውስጥ ያሉ አንባቢዎች ቶከኑን ወደ ብር ለመቀየር ከማሰባቸው በፊት ወቅታዊውን ደንብ ይመልከቱ። አሜሪካ ያሉት ደግሞ በኤርድሮፕ የተገኘ ቶከን በእጃቸው በገባበት ቀን ባለው ዋጋ እንደ ገቢ የሚታሰብ መሆኑን ይወቁ፤ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ይህን አቋም የያዘው በ2019 ነው። ስለዚህ ክሌይም ባደረጉበት ዕለት የትራንዛክሽኑን መለያ፣ የቶከኑን ብዛትና የዚያን ሰዓት ዋጋ በአንድ ወረቀት ወይም ሠንጠረዥ ላይ ያስፍሩ፤ ከዓመት በኋላ የትራንዛክሽኑን መለያ በመመልከቻው ማግኘት ይቻላል፤ የዚያን ሰዓት ዋጋ ግን ቶከኑ ከገበያ ከወጣ ከየትም ማግኘት ይቸግራል።